በቅርስነት የተመዘገበ የድንጋይና የጭቃ ቤት፦ የበሰበሰ በረንዳ፣ የሚረጥብ ግድግዳ፣ ፎቅ ላይ መታጠቢያ ቤት

የጉለሌ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ቤቱ አዲስ አበባ ነው፤ የይዞታ ካርታ ያለው የውርስ ቤት፣ በከተማው የቅርስ መዝገብም የገባ። ምድር ቤቱ በጭቃ የተገነባ ድንጋይ ነው፤ የግድግዳው ውፍረት 60 ሳ.ሜ. ያህል። ፎቁ ጭቃ በእንጨት። በሦስት ጎኑ የእንጨት በረንዳ ይዞረዋል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ወራሾቹ አራት ነን።

የበረንዳው ምሰሶዎች ከእግራቸው በስብሰዋል፤ አናጺው "በአርማታ እንተካቸው" ይላል። የምድር ቤቱ ግድግዳ ከወለሉ እስከ 1 ሜትር ድረስ ይረጥባል፤ ቀደም ሲል በሲሚንቶ የተለሰነው እየተላጠ ይወድቃል። መስኮቶቹን በአሉሚኒየም መቀየርና ፎቅ ላይ መታጠቢያ ቤት ማውጣትም አስበናል። የትኛው ይፈቀዳል? ከየትስ ይጀመራል? ወረዳ ጠይቀን "እድሳት ከሆነ ችግር የለውም፣ ሥሩ" ተብለናል፤ በቃል ብቻ ነው።

ንድፍ፦

በቃል የተባለውን ይተዉት። ወረዳው ያለው ለተራ ቤት ያስኬድ ይሆናል፤ ለተመዘገበ ቅርስ ግን ጥገናውም ራሱ አስቀድሞ ፈቃድ ይፈልጋል።

ዋናው ሕግ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። ባለቤትነታችሁን አይወስድም፤ ግን ቤቱን መንከባከብ በባለቤቱ ወጪ ይሆናል፣ የጥገናና የእድሳት ሥራ ሁሉ በቅድሚያ መፈቀድ አለበት፣ ቤቱን ለሌላ ሰው ስታስተላልፉም አስቀድማችሁ ማሳወቅ ይኖርባችኋል። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊያግዝ እንደሚችል አዋጁ ይላል። ሊያግዝ ይችላል እንጂ ይገደዳል አላለም፤ በጀታችሁን በዚህ ላይ አትመሥርቱ።

ቀጥሎ የሚጣራው ደረጃው ነው። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ይመድባል፤ ፋይላችሁን የሚያየው መሥሪያ ቤት የሚለየውም በዚሁ ነው። ለከተማው ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ "ቤቱ በየትኛው ደረጃና በምን መለያ ቁጥር ተመዝግቧል?" ብላችሁ በደብዳቤ ጠይቁ፣ መልሱንም በደብዳቤ ተቀበሉ። በር ላይ የተለጠፈ ሰሌዳ የመዝገቡን ቦታ አይተካም።

ከማመልከቻው ጋር የሚገባው፦ ካርታው፣ የወራሽነት ማስረጃው፣ የአራቱም ወራሾች ፊርማ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የጋራ ንብረትን አገልግሎት ለመለወጥ የሁሉም ባለድርሻ ስምምነት ያስፈልጋል፤ አንድ ወራሽ ውጭ አገር ካለ ውክልናው ከአሁኑ ይላክ። ፎቶ፦ አራቱም የውጭ ገጽ፣ እያንዳንዱ ክፍል፣ እያንዳንዱ ጉዳት፣ ከጎኑ ሜትር ተይዞ። ልኬት ተወስዶ የተነሣ ንድፍ፦ ወለሎቹ፣ አራቱ ገጾችና አንድ ቁርጥ (ቤቱን ከጣሪያ እስከ መሠረት ተሰንጥቆ የሚያሳይ) በ1:50፤ የበረንዳው ምሰሶ፣ መከታና የተቀረጸው ጣውላ በ1:10። ከሁሉ በላይ ግን ፋይሉን የሚያስመልሰው የሥራ መግለጫው ነው። "ጥገና ይደረጋል" ብሎ የገባ ይመለሳል። "ምሰሶ ቁጥር 3፣ ከሥሩ 35 ሳ.ሜ. በስብሷል፣ እስከ 45 ሳ.ሜ. ተቆርጦ በደረቅ ጽድ ይቀጠላል" የሚል ያልፋል። ምሰሶዎቹንና መስኮቶቹን ቁጥር ስጡ፤ በንድፉም በፎቶውም ያው ቁጥር ይሁን።

ከዚያ የቅርስ ባለሙያዎች ቤቱን አይተው የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፉ እሱን ይዛችሁ ወደ ግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ትሄዳላችሁ። መታጠቢያ ቤትም ሆነ መዋቅር የሚነካ ነገር ያለ ግንባታ ፈቃድ አይሠራም፤ በሕንፃ አዋጁ።

አንድ ምክር፦ ሁሉን በአንድ ማመልከቻ አታስገቡ። አሸንዳ፣ የምሰሶ ድጋፍና የእርጥበቱ ሥራ በአንድ፤ መታጠቢያ ቤቱ በሌላ። አለዚያ መታጠቢያ ቤቱ ሲያከራክር ክረምቱ ምሰሶዎቹን ይቀድማችኋል። አሉሚኒየሙንና የአርማታ ምሰሶውን ግን ባታመለክቱት ይሻላል፤ ሁለቱም የቤቱን መልክ የሚለውጡ ናቸው፣ ይህን የሚፈቅድ ባለሙያ አላውቅም።

አናጺ ቤት፦

የአርማታው ነገር የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። 15 በ15 ሳ.ሜ. ሆኖ 3 ሜትር የሚቆም የጽድ ምሰሶ 40 ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ በዚያው ልክ የአርማታ ምሰሶ 160 ኪሎ ያልፋል። ከሥሩ ያለው የድንጋይ መሠረት ለዚህ ጭነት አልተሠራም። ምሰሶው በሰመጠ ቁጥር የበረንዳውን አግዳሚ ይዞ ይወርዳል፣ አግዳሚው ደግሞ የፎቁን ወለል ይጎትታል። አናቱ ላይ እንጨት ከሲሚንቶ በሚገናኝበት ቦታም ውሃ ይተኛል፤ ቀጥሎ የሚበሰብሰው አግዳሚው ይሆናል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚበሰብሰው ከታች ከ20 እስከ 40 ሳ.ሜ. ነው። በወስፌ ወይም በቀጭን ጠመንጃ መፍቻ በአራቱም ጎን እየወጉ ወደ ላይ ይሂዱ፤ ብረቱ ሳይገፋ ከሚገባበት ቦታ አልፈው ጤነኛው እንጨት ላይ 10 ሳ.ሜ. ጨምረው ይቁረጡ። አዲሱ እግር ከአሮጌው ጋር ግማሽ በግማሽ ተቆርጦ ይደራረባል። የመደራረቢያው ርዝመት ቢያንስ የምሰሶውን ወርድ 3 እጥፍ፣ ማለትም ለ15 ሳ.ሜ. ምሰሶ 45 ሳ.ሜ. ይሁን። ሁለት ባለ 12 ሚ.ሜ. ዝገት የማይነካው ቡሎን ከሰፊ ሮንዴላ ጋር፣ ከጫፎቹ 10 ሳ.ሜ. ገባ ብሎ፣ በአንድ መስመር ሳይሆን አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ ሸሸት ብሎ ይታሰራል። በምስማር ብቻ የተያያዘ መቀጠያ እንጨቱን ሰንጥቆ ይለቃል።

ሥራው አንድ ምሰሶ በአንድ ጊዜ ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ምሰሶዎችን ባንድነት ማንሳት አይታሰብም። በምሰሶው ግራና ቀኝ ከአግዳሚው ሥር የሚጠመዘዝ የብረት ድጋፍ አቁሙ፤ ከእግሩ ሥር 5 በ20 ሳ.ሜ. ጣውላ ይነጠፍ። ማንሳቱ 2 ወይም 3 ሚ.ሜ. ይበቃዋል። "የዘመመውን በአንድ ቀን አቀናዋለሁ" የሚል አናጺ የፎቁን ጭቃ ይሰነጥቀዋል፤ መዝመሙ ዓመታት የወሰደበትን ቤት እዚያው ባለበት አጽንቶ መያዝ ይበቃል።

እግሩ ሲሚንቶ ውስጥ አይቀበር። ከመሬት 10 ሳ.ሜ. ከፍ ያለ የተጠረበ ድንጋይ ይሁንለት፣ የድንጋዩ አናት ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ያለ፤ በመካከላቸው ሬንጅ የተቀባ ወረቀት። እንዳይንሸራተት 16 ሚ.ሜ. ብረት 10 ሳ.ሜ. ወደ ድንጋዩ፣ 10 ሳ.ሜ. ወደ ምሰሶው ይግባ።

እንጨቱን ከፈራሽ ቤት እንጨት ሻጮች ፈልጉ። አዲስ የተቆረጠ ጽድ እርጥብ ስለሆነ ከተሰካ በኋላ ይሸማቀቃል፣ መገጣጠሚያው ይከፈታል፤ የፈራሹ ግን ደርቆ ያለቀ ነው። ስትገዙ ጫፉን በመዶሻ ምቱት፤ ድምፁ ባዶ ከሆነ ምስጥ በልቶታል።

የተቀረጸው ጣውላ ከጎደለ ከቀረው ላይ በኮምፔንሳቶ ቅርጹን አውጥታችሁ በዚያ አስቆርጡ። ቅቡ የተፈላ የተልባ ዘይት፣ ከላዩ የዘይት ቀለም። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ራሱ ይነድዳል፤ ውሃ ውስጥ ይነከር ወይም ተዘርግቶ ይድረቅ።

መስኮቶቹም በዚሁ መንገድ ይድናሉ። የታችኛው አግዳሚ ነው የሚበላው፤ እሱ ብቻ ተቆርጦ ይተካል። መቃኑን ነቅሎ አሉሚኒየም ማስገባት ከጉበኑ በላይ ያለውን የጭቃ ግንብ ያናጋል፤ ያኔ የመስኮት ሥራ የነበረው የግድግዳ ሥራ ይሆናል።

ብሎኬት፦

ለእርጥበቱ ይህን ያህል ምርምር አያስፈልግም። የተላጠውን አራግፎ፣ የሽቦ መረብ መትቶ፣ ውሃ የማያስገባ ኬሚካል የገባበት ሲሚንቶ እስከ 1.5 ሜትር መለሰን ነው። አይወድቅም።

ኖራና ጭቃ፦

መረቡ ስለያዘው አይወድቅም፤ የሚወድቀው ከኋላው ያለው ነው። ብሎኬት ያለው ለብሎኬት ግድግዳ ይሠራል። ይህ ግድግዳ ግን የተያያዘው በጭቃ ነው። ከመሬት የሚሳበው እርጥበት በጭቃው መገጣጠሚያ በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ በግድግዳው ገጽ ተንኖ እስከወጣ ድረስ ከፍ ሳይል ይቆማል። ሲሚንቶው መውጫውን ሲዘጋበት መተንፈሻ እስኪያገኝ ይወጣል። ልስኑ እስከ 1.5 ሜትር ከተሠራ የእርጥበቱ መስመር 1.5 ሜትርን ያልፋል፤ ከዚያ የፎቁን ወለል የተሸከሙ የወራጆች ጫፍ ጋ ሲደርስ እንጨቱ መበስበስ ይጀምራል። ከሲሚንቶው በስተኋላ ደግሞ ጭቃው ይላላል፤ በውስጥና በውጭ ድንጋዮች መካከል ያለው ሙሌት ወደ ታች ይሰምጥና ግድግዳው ያብጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቱንቢ ጣሉ። ከፎቁ ወለል እስከ ምድር ከ3 ሳ.ሜ. በላይ ያበጠ ቦታ ካለ ልስኑን ሳትነኩ የመዋቅር መሐንዲስ ይየው፤ ልስኑ ብቻ ይዞት ሊሆን ይችላል።

ደህና ከሆነ ሥራው ከውጭ ይጀምራል። ጣሪያው አሸንዳ ከሌለው ወይም አሸንዳው ከተቀደደ፣ ከመሬት ነጥሮ ግድግዳ የሚመታው ውሃ ብቻውን 50 ሳ.ሜ. ያረጥባል። አሸንዳው ይሠራ፤ ቱቦው ውሃውን ከግድግዳው ርቆ ይጣል። ቀጥሎ የግቢው ከፍታ። በየጊዜው ንጣፍ በንጣፍ ላይ ሲነጠፍ ግቢው ከቤቱ ወለል እኩል ወይም በላይ ይሆናል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ አሮጌ ቤት የሚረጥበው በዚህ ነው። ከውስጡ ወለል ከ15 እስከ 20 ሳ.ሜ. ዝቅ ይበል። ከመቆፈራችሁ በፊት ግን አንድ ቦታ 50 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ጉድጓድ ከፍታችሁ መሠረቱ የት እንደሚያልቅ እዩ፤ ጥልቀት የሌለው መሠረት ብዙ አለ፣ ከሥሩ አፈር ከወሰዳችሁበት ቤቱ ይቀመጣል። ግድግዳውን ተከትሎ 1 ሜትር ስፋት በድንጋይ ይነጠፍ፣ በ1 ሜትር ከ3 እስከ 5 ሳ.ሜ. ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ፣ በድንጋዮቹ መካከል አሸዋ ይሁን። ግድግዳውን የነካ የሲሚንቶ ንጣፍ አታድርጉ፤ ከሥሩ ያለውን እርጥበት ሁሉ ወደ ግድግዳው ይገፋዋል።

ሲሚንቶውን በመሮና በመዶሻ አንሡ እንጂ የኤሌክትሪክ መዶሻ አይግባ። ከእርጥበቱ መስመር 50 ሳ.ሜ. በላይ ድረስ ይነሣ። የድንጋዩን ገጽ ይዞ የሚመጣ ከሆነ በ20 ሳ.ሜ. ካሬ እየከፋፈላችሁ በቀስታ። የላላው የመገጣጠሚያ ጭቃ ከ3 እስከ 4 ሳ.ሜ. ይፈቅፈቅ፤ ከዚያ በላይ አትግቡ። የወጣውን ነጭ ጨው በደረቅ ብሩሽ ጠርጉት፤ በውሃ ካጠባችሁት ተመልሶ ይገባል።

ይህ ሁሉ በጥቅምት ቢጀመር እስከ ጥር ራቁቱን ይደር። ወፍራም ግድግዳ በወር 2.5 ሳ.ሜ. ያህል ይደርቃል በሚለው ግምት 60 ሳ.ሜ. ግድግዳ ከሁለት በኩል እየደረቀ ዓመት ይፈጃል። ኖራ ግን ስለሚያስተነፍስ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ የለባችሁም። መገጣጠሚያዎቹ በጭቃና በድንጋይ ስንጣሪ ታጭቀው ይሞሉ፤ ከዚያ ልስኑ።

ልኩ 1 እጅ የኖራ ሊጥ፣ 2 እጅ ተኩል የታጠበ ሻካራ አሸዋ፣ ግማሽ እጅ የተፈጨ የሸክላ ጡብ ዱቄት። የጡቡ ዱቄት ኖራው እርጥበት ባለበትም እንዲጠነክር ያግዘዋል። ግድግዳው በውሃ ይርጠብ፣ ሦስት ሽፋን ይለሰን፣ አንዱም ሽፋን ከ1 ሳ.ሜ. አይለፍ፤ በመካከሉ ቢያንስ 10 ቀን። በእያንዳንዱ ሽፋን ላይ እርጥብ ጆንያ ለአንድ ሳምንት ይንጠልጠል፤ ፀሐይ ቶሎ ያደረቀው ኖራ ዱቄት ሆኖ ይራገፋል። እስከ መጋቢት ካለቀ ለክረምቱ ይደርሳል። ለ30 ካሬ ሜትር በ3 ሳ.ሜ. ውፍረት 0.9 ሜትር ኩብ ነው፤ የድንጋዩ ገጽ ጎርባጣ ስለሆነ 20 በመቶ ጨምሩ፦ 360 ሊትር ያህል ሊጥ፣ 0.9 ሜትር ኩብ አሸዋ፣ 180 ሊትር የጡብ ዱቄት።

ማጠናቀቂያው እንደ ወተት የቀጠነ የኖራ ቅብ ነው፤ 4 ወይም 5 ጊዜ። ፕላስቲክ ቀለም ከተቀባ ሲሚንቶው የተነሣው በከንቱ ነው።

የጉለሌ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ኖራው በከረጢት የሚሸጠው ይሆናል ወይስ ድንጋዩ ይፈለግ? ፎቅ ላይ መታጠቢያ ቤት ጨርሶ አይሆንም ማለት ነው? ሌላ ክፍል የለንም።

ኖራና ጭቃ፦

ሁለቱም ይሆናል፤ ጥሩው ግን ከተቃጠለው ድንጋይ የሚወጣው ሊጥ ነው። ለመለየት አንድ ጓል ውሃ ውስጥ ጣሉ፤ ሞቆና ተንፋፍቶ መፈረካከስ አለበት። ዝም ካለ ከአየር ላይ እርጥበት ጠጥቶ ሞቷል። ሁልጊዜ ኖራው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃ በኖራው ላይ አይፈስም፤ ፈንድቶ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት ግድ ነው። የተነከረው በወንፊት ተጣርቶ፣ ከላዩ ውሃ ሳይለየው 3 ወር ይቀመጥ፤ በሐምሌ የነከረ በጥቅምት ይደርስለታል። የከረጢቱን ከወሰዳችሁ የጠጠረ ከረጢት መልሱ፤ ደህናውን ቢያንስ አንድ ቀን በውሃ ነክራችሁ ተጠቀሙ።

ሞራሌ፦

መታጠቢያ ቤቱ ፎቅ ላይ የሚከብደው ከፈቃዱ በፊት በጭነቱ ነው። እንደተለመደው 10 ሳ.ሜ. ሶሌታ ልሙላ ካላችሁ በካሬ ሜትር 250 ኪሎ በእንጨት ወለል ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ ሰውና ዕቃ ሳይጨመር። ሁለተኛው ችግር ፍሳሽ ነው። ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ቱቦ ቢያንጠባጥብ ውጭ እስኪታይ ማገሩ በስብሷል።

የመጀመሪያው ምርጫ ግቢው ውስጥ ካለ ማድ ቤት ወይም ሰርቪስ ጎን ነው። ሁለተኛው የምድር ቤቱ የኋላ ማዕዘን፣ የኖራው ሥራ ካለቀ በኋላ። ግድ ፎቅ ከሆነ ደግሞ ሲነቀል ቤቱን እንዳልነበረ የሚተው ይሁን፦ በራሱ የእንጨት አጽም የቆመ ሣጥን፣ ከአሮጌው ግድግዳ 5 ሳ.ሜ. የራቀ፤ በሴራሚክና በሶሌታ ፋንታ አንድ ወጥ የሻወር ሳሕን፤ የውሃ ቱቦ ሁሉ በግልጽ የሚታይ፤ ፍሳሹ በኋላው በረንዳ በኩል በ110 ሚ.ሜ. ቱቦ የሚወርድ፣ አግድም በሚሄድበት በሜትር 2 ሳ.ሜ. የሚያዘቀዝቅ። የቱቦ ቀዳዳ በጭቃው ክፍል በማገሮቹ መካከል ይውጣ፤ ቋሚ እንጨት አይቆረጥም። የውሃ ታንከሩን ጣሪያ ላይ እንዳታስቡት፤ 1,000 ሊትር አንድ ቶን ነው። ለብቻው በብረት ማማ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ።

ፈቃዱ እጅ ከገባ አይቀር ኤሌክትሪኩንም አብራችሁ ጨርሱት። ጥር 3 ቀን 2007 ጣይቱ ሆቴልን እሳት ሲበላው አሮጌ የእንጨት ቤት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያያዝ ሁሉም አይቷል። በጨርቅ የተሸፈነው አሮጌ ሽቦ በሙሉ ይውጣ። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ሚ.ሜ. ካሬ፤ ምጣድ ከ3 እስከ 3.5 ኪሎዋት ስለሚስብ የራሱ መስመር በ4 ሚ.ሜ. ካሬና በ20 አምፔር ማቋረጫ ይሁን፣ እሱም ማድ ቤት እንጂ ዋናው ቤት አይግባ። 30 ሚሊ አምፔር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ማቋረጫ (ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያመልጥ የሚቆርጥ) ከቆጣሪው ቀጥሎ ይቀመጥ። ሽቦው በላይ በላዩ በቱቦ ይሂድ፤ ጭቃውን ፈልፍሎ መቅበር ግድግዳውንም ያደክማል፣ ብልሽት ሲመጣም አይታይም።

ጣሪያው የሚቀየር ከሆነ ኢጋ ቆርቆሮ ፈቃድ አያገኝም፤ ቅርጹ ሌላ ነው። ክቡ ሞገድ ያለው ጌጅ 28 ይሁን፣ በጎን ሁለት ሞገድ፣ በቁመት 20 ሳ.ሜ. ይደራረብ። ምስማሩ በሞገዱ አናት ላይ ነው የሚመታው፤ በሸለቆው ከተመታ ያፈሳል።

አናጺ ቤት፦

የፎቁ ጭቃ ከተሰነጠቀ ሲሚንቶ አትሙሉበት፤ ደርቆ ለብቻው ይወጣል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ በየቀኑ እየተገላበጠ እስከ ሁለት ሳምንት ይክረም። ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ከሆነ አሸዋ ይጨመርበታል፤ የሚራገፍ ከሆነ አፈሩ ሸክላ ይጎድለዋል። መጀመሪያ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሞክሩት።

የጉለሌ ልጅ፦

የመጨረሻ ጥያቄ ለንድፍ፦ በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ የሆነውን አይተናል። ይህን ሁሉ አውጥተን ልማት ቢመጣስ? ከሥራ ተቋራጭ ጋርስ ውሉ ምን ይምሰል?

ንድፍ፦

በቅርስ አዋጁ የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ ከቦታው አይነሣም። ይህ በተግባር የሚጠቅማችሁ ግን ወረቀቱ በእጃችሁ ሲኖር ነው፦ የምዝገባ ደብዳቤው፣ የልኬት ንድፉ፣ የጥገና ፈቃዱ፣ ከሥራ በፊትና በኋላ የተነሣው ፎቶ። አንድ ቅጂ ከቤቱ ውጭ ይቀመጥ፤ የአካባቢው ፕላን እየተለወጠ ነው የሚል ከሰማችሁ ማስታወቂያ እስኪለጠፍ ሳትጠብቁ ቅጂውን ለባህል ቢሮውም ለክፍለ ከተማው ፕላን ክፍልም በደብዳቤ አስገብታችሁ ተቀባዩ ክፍል ማኅተም ያሳርፍበት።

ለውሉ፦ የተፈቀደው የሥራ መግለጫ የውሉ አካል ሆኖ ይያያዝ፣ ከዚያ ውጭ የሆነ ዕቃ (በተለይ ሲሚንቶ) በጽሑፍ ሳይፈቀድ ግቢ እንዳይገባ ይጻፍ። የሚነቀል አሮጌ እንጨት፣ ማጠፊያና ቁልፍ የባለቤቱ ነው ይበል፤ ይህ ካልተጻፈ በመጀመሪያው ሳምንት ተሸጦ ታገኙታላችሁ። ክፍያው በካሬ ሜትር ብቻ ከሆነ ኖራው በሦስት ሽፋን ፋንታ በአንድ ይለሰናል፤ በየሽፋኑ ታይቶ ይከፈል። 10 በመቶው ተይዞ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት ቤቱ እንደገና ታይቶ ይለቀቅ።